ነጠላውን የያዙት ሽማግሌ የማን ናቸው?

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ያህል ጊዜ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ሥራውስ በዝቷል፤ እሱን ኋላ እነግርሃለሁ። ያልጻፍኩልህ አፍሬ ነው። ሰው ለሞተበት አባቱ ሲጽፍ ናፍቆቱን ያስቀድማል፤ እኔ ግን ያደረግሁትን ሳልናገር ናፈቅከኝ ብልህ አንተም የምታምነኝ አይመስለኝም። ስለዚህ በቤቱ ወሬ ልጀምርና ድፍረት ሳገኝ ወደ ነገሩ እገባለሁ። ታውቀኝ የለም? ልጅ ሆኜ ብርጭቆ የሰበርኩ ቀን መጀመሪያ የማወራህ ስለ ትምህርት ቤት ነበር።

ሜልበርን፣ ሴንት አልባንስ ያለው ቤታችን ደህና ነው። ልጄ ሊያ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አንዱ በቅሏል። ካንተ ጋር ስታወራ ታስረዝመው የነበረው አማርኛዋ አሁን «እሺ» እና «አልፈልግም» ላይ ቆሟል፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ባለቤቴ ሰናይት የሥራ ሺፍቷን ወደ ጠዋት አዛውራለች፤ አሁንም ሻይ ስታፈላ አንዳንዴ ተሳስታ ያንተን ኩባያ ታወጣለች። ጎረቤታችን ማልታዊው ሽማግሌ ጉልበቱን ታሟል። ሁለታችሁ በምን ቋንቋ እንደምትግባቡ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እሱ ግን ሎሚ በለቀመ ቁጥር ያንተን ድርሻ አጥሩ ላይ ደርድሮ ይገባል። መሞትህን ነግሬዋለሁ፣ ቀብርህም ላይ ነበር። ቢሆንም ይደረድራል።

ክፍልህን የፊልም መቁረጫ ክፍል አድርጌዋለሁ። ቡናማው ካፖርትህ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ከጀርባዬ ይሆናል፤ አንዳንድ ቀን ዞሬ ማየት ያቅተኛል።

አባዬ፣ ልጅ ሳለሁ ጋሽ ጥላ የሥጋ ዘመዳችን ይመስለኝ ነበር። ፒያሳ ሲኒማ ቤት ፕሮጀክተር ስታንቀሳቅስ ውለህ ማታ ራት ላይ የምታወራው ስለ እሱ ብቻ ነበር። ጋሽ ጥላ እንዲህ አደረገ፣ ጋሽ ጥላ እንዲህ አሰበ። ታዲያ ለፋሲካ ለምን አይመጣም ብዬ እናቴን ብጠይቃት ሆዷን ይዛ ሳቀች። የድሮ የሆሊውድ ካሜራማን ነው፤ የፈረንጅ ስሙ ለምላስህ ስላስቸገረህ አንተ ያወጣህለት ስም ነው አለችኝ። በጣም አዘንኩ፤ ሲመጣ ላሳየው ያዘጋጀሁት ኳስ ነበረኝ።

ታሪኩን ግን ከማንም ዘመዴ በላይ አውቀዋለሁ። ሥራ የጀመረው ፊልም በሚታጠብበት ቤት ባልዲ በማመላለስ ነው። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ካሜራው በእጅ ሲዞር፣ እጁ እንዳይፈጥን እንዳይዘገይም በልቡ እየዘፈነ ያዞር ነበር። ከዚያ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ወሰዱት። ዝነኛ ሴት ተዋናዮች እሱ መብራቱን ካላስተካከለልን ካሜራ ፊት አንቆምም አሉ። ከካሜራው በላይ ትንሽ አምፖል እየሰቀለ ዓይናቸው ውስጥ አንዲት የብርሃን ነጥብ ያስቀምጥላቸው ነበር። «ሌላው ካሜራማን መብራቱን ያበራና ጥላው የትም ይውደቅ ይላል፤ ጋሽ ጥላ መጀመሪያ ጥላውን ነው የሚያስቀምጠው» ትለኝ ነበር። ባለቀለም ፊልም ሲመጣ ግን ጥላ አታብዛ፣ ሁሉ ነገር ይታይ አሉት። ሥራው እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ለቴሌቪዥን የሳሙና ማስታወቂያ ያነሳ ጀመር። እዚህ ስትደርስ ሁልጊዜ ትተነፍስና ወሬ ትቀይር ነበር።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው? ግማሹን ለሲኒማ ቤቱ ከሚመጡ አሮጌ መጽሔቶች፣ ግማሹን ያንኑ ፊልም ደጋግመህ ከማየት ነው። ሰው ታሪኩን ሲያይ አንተ ከዚያች ከምትጋል ጠባብ የፕሮጀክተር ክፍል ሆነህ መብራቱ ከየት እንደመጣ ትፈልግ ነበር። የምታንገበግብህ ደግሞ አንድ ነገር ነበረች፤ የጋሽ ጥላ ስም ስክሪኑ ላይ የሚቆየው ለሦስት ሰከንድ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሰዉ ገና ወንበር እየፈለገ ነው። አንድ ቀን አላስችል ቢልህ ሰዉ ቁጭ ብሎ እንዲያነብለት ማሽኑን ልክ ስሙ ላይ አቆምከው። የቆመ ፊልም በመብራቱ ግለት እንደሚቃጠል ካንተ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ስሙ ከመሃሉ ቡናማ ሆነ፣ አረፋ ሠራ፣ ከዚያ ቀዳዳ ብቻ ቀረ። አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። ሳምንት ከሥራ ታግደህ ቤት ስትውል እናቴ ምን ስታደርግ እንደነበር ታስታውሳለህ? በወጣህ በገባህ ቁጥር ታፏጭብህ ነበር።

እሷ ስትሞት ብቻህን እንዳትሆን ወደ ሜልበርን አመጣሁህ። እኔ ያኔ በሳምንቱ መጋዘን፣ ቅዳሜና እሁድ የሠርግ ቪዲዮ እሠራ ነበር። ቤት ከምትውል አብረኸኝ ውጣ ብዬህ የካሜራ እግር ትይዝልኝ ጀመር። ደስታህን አስታውሳለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ያነሳውን ስታሳይ ኖረህ፣ ፊልም የሚነሳበት ቦታ ስትቆም የመጀመሪያህ ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

ክሬጊበርን የተደረገውን የሜሮንንና የዳዊትን ሠርግ ታስታውሳለህ። ካሜራውን ጠምጄ መብራቴን ላበራ ስል ባትሪው የለም። ቻርጅ አድርጌው ቤት ሶኬት ላይ እንደሰካሁት መጥቻለሁ። የአዳራሹ መብራት ከጣሪያ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው፤ የሜሮን ቬሎ ያበራል፣ ፊቷ ግን ጠፍቷል፣ ዓይኖቿ ሁለት ጉድጓድ ሆነዋል። አንተ ከካፖርትህ በላይ የለበስከውን የእናቴን ነጠላ አወለቅህ። የጥለቱ ቀይ አገጯ ላይ እንዳያርፍ ጥለቱን ወደ ውስጥ አጠፍክ። ከዚያ በዚያ በሚያምህ ጉልበት ተንበርክከህ ነጠላውን ከፊቷ በታች በሁለት እጅህ ዘረጋኸው። የጣሪያው ብርሃን ነጠላው ላይ አርፎ ወደ ፊቷ ተመለሰ። በካሜራዬ ውስጥ እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ዓይኗ ውስጥ ነጥቧ ነበረች፤ ያቺ የጋሽ ጥላ ነጥብ።

ልክ ያኔ የሙሽራው ሚዜ እየሳቀ መጣ። «ብሮ፣ ሾት ውስጥ ገብተዋል'ኮ። እኚህ ሽማግሌ የማን ናቸው? ያንተ ናቸው እንዴ?» አለኝ። ከኋላው የዳዊት የሥራ ባልደረቦች፣ ፈረንጆቹ፣ አንተን በስልካቸው እየቀረጹ ነበር። አየሁህ፤ እነሱ በሚያዩህ ዓይን አየሁህ። ያረጀ ቡናማ ካፖርት፣ መሬት ላይ የተንበረከከ ሽማግሌ፣ የተዘረጋ ነጠላ። መብራት እንኳ የሌለው፣ አባቱን በመብራት ፋንታ የሚያንበረክክ ባለሙያ የሚሉኝ መሰለኝ። እንዲህም አልኩ፤ «ኧረ አላውቃቸውም። የሙሽራዋ ወገን መሰሉኝ።»

ካንተ እስከ እኔ ሁለት እርምጃ አይሞላም ነበር።

አንተ ቀረጻውን እስክጨርስ አልተነሳህም። ስጨርስ ነጠላውን ለበስክና ወደ ሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ሄድክ። የሙሽራዋ ወገን የሙሽራው ታላቅ ዘመድ መሰልካቸው፤ የሙሽራው ወገንም የሙሽራዋ። ሁለቱም ተሽቀዳድመው ወንበር ሳቡልህ፣ ሳህንህን ሞሉልህ። እኔ የዋሸሁትን ውሸት አንተ ቁጭ ብለህ ጠበቅክልኝ። ምርቃት ሲደርስ ሁለቱም ወገን ላንተ አስቀደሙ። ተነስተህ «ልጅ ያሳቅፋችሁ፣ ቤታችሁ ብርሃን አይጣ» ብለህ መረቅህ። ስትመለስ በአጠገቤ አለፍክና «በርታ ልጄ» አልከኝ፤ ሽማግሌ ሰው ለማንም ጎረምሳ እንደሚለው።

ወደ ቤት ስንሄድ መኪና ውስጥ ነግረኸኝ የማታውቀውን የጋሽ ጥላን መጨረሻ አወራኸኝ። ካረጀ በኋላ አንድ ቀን ዕድሜውን ወደጨረሰበት ስቱዲዮ ሄደ አልክ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ስሙን ቢነግረው አላውቅህም አለው። «ጋሽ ጥላ አልተቀየመም» አልክ፤ «ዘበኛው ልጅ ነው፣ ሰው በዝቶበታል፣ እንጀራውም ነው። ተሳስቼ ነው ብሎት ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ።» ከዚያስ ብልህ፣ ከዚያማ ቤቱ ገብቶ ራቱን በላ አልክና ሬዲዮኑን ከፈትክ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጉልበቴን ያመኛል ብለህ አንድም ሠርግ አብረኸኝ አልወጣህም። እኔም አንድም ቀን እስቲ ና ብዬ አልለመንኩህም።

የባሰውን ልንገርህ። ነጠላውን ወሰድኩት። የእናቴን ሳይሆን ሌላ ገዝቼ፣ ጥለት የሌለው፣ በቱቦ ላይ ወጥሬ በየሠርጉ መያዝ ጀመርኩ። የሜሮን ቪዲዮ ከወጣ በኋላ ስልኬ አላርፍ አለ፤ ከኮሊንግዉድም ከሌላውም ሠፈር ሙሽሮች ያንን የፊት ብርሃን ፈልገው ቡክ ያደርጉኝ ጀመር። መጋዘኑን ተውኩ። እንዴት ነው የምታደርገው ሲሉኝ በልምድ ነው እላቸው ነበር። አንተ ሳሎን ተቀምጠህ ቪዲዮዎቼን በቴሌቪዥን ስታይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገርክ። የአንዷን ሙሽራ ፊት አይተህ «ከአበባው ራቅ አድርገው፣ ጉንጯ ቀልቷል» አልከኝ። እኔም እሺ አልኩህ። ይቅርታ ማለት የነበረብኝ ቦታ ላይ እሺ አልኩህ። እነግረዋለሁ፣ እነግረዋለሁ ስል ልብህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቀጥ አለ።

ባለፈው ወር ሜሮን ደወለችልኝ። ሁለት ጊዜ አስወርዷት እንደነበር አላውቅም ነበር፤ አሁን ሴት ልጅ ወልዳለች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሳ ነው። «ያን ቀን የመረቁንን አባት እየፈለግን ነው» አለችኝ። «እማዬ የዳዊት አጎት ናቸው ትላለች፣ የዳዊት ቤተሰቦች ደግሞ የናንተ ናቸው ይሉናል። ሁሉንም ጠየቅን፣ የሚያውቃቸው ጠፋ። ምርቃታቸው ደርሶልን ሳናስቀምጣቸው ልጃችንን አናስነሳም። ቪዲዮው ላይ አይተህ ታውቃቸው እንደሆነ?»

አባዬ፣ ዳግመኛ ካድኩህ። «እስቲ ልየው፣ አላወቅኳቸውም» አልኳት። ከሞትክ በኋላ እንኳ ካድኩህ። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ካፖርትህን አየሁት።

የሠርጉ ቀረጻ ያለበትን ዲስክ አወጣሁ። ለእነሱ በሰጠኋቸው ቪዲዮ ውስጥ ያንን ቀረጻ አጥብቤ አንተን ከዳር ቆርጬ ጥዬህ ነበር፤ ድምፁንም በሙዚቃ ሸፍኜዋለሁ። ያልተቆረጠው ግን ዲስኩ ላይ አለ። ከፈትኩት። ከታች በግራ በኩል አለህ፤ ነጠላው የመለሰው ብርሃን ላንተም ፊት ደርሶ ካሜራ ፊት ተቀምጠህ ከተነሳኸው ፎቶ ሁሉ በላይ አምሮብሃል። የሚዜው ድምፅ ይሰማል። ከዚያ የኔ ድምፅ፣ ማይክሮፎኑ አጠገብ ስለነበርኩ ጥርት ብሎ። «አላውቃቸውም» ስል ነጠላው አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። የሜሮን ፊት ላይ ያለው ብርሃንም አብሮ ራደ። ከዚያ ክንድህን አጠነከርክና ረጋ። ቀረጻው እስኪያልቅ ድረስ አልተነቃነቀም። ደጋግሜ አየሁት፤ ሰናይት ከሥራ ስትመለስ መሬት ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ።

በማግስቱ ከተማ ወዳለው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለ ጋሽ ጥላ የተጻፈ አገኘሁ። ባልዲው እውነት ነው። ትንሿ አምፖልም፣ የሳሙናው ማስታወቂያም እውነት ነው። ዘበኛው ግን የለም። ገጹን ወደፊትም ወደኋላም ገለጥኩ፤ እንዲያውም ሲያረጅ ስቱዲዮው ጠርቶ አክብሮታል ይላል። ዘበኛውን ያን ቀን፣ መኪና ውስጥ፣ ለኔ ብለህ ነው የፈጠርከው። ፊቴን ሳታይ፣ መንገዱን እያየህ ይቅር ብለኸኝ ነበር። እኔ ደግሞ ታሪክ እየሰማሁ መስሎኝ ከዚያስ አልኩህ።

እሁድ ዕለት ክሬጊበርን ሄጄ ነገርኳቸው። ሜሮን ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ዳዊት ተነስቶ መስኮት ጋ ቆመ። የሜሮን እናት እትዬ አስቴር ግን አፈጠጡብኝ። «አባትህን? እኛ ሰው ሁሉ እየጠየቅን አንተ አባትህን አላውቅም አልክ?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ብዙ ከተናገሩኝ በኋላ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው የክርስትና ስምህን ጠየቁኝ፤ ለጸሎት ነው። ነገርኳቸው። ወጥቼ ልሄድ ስል በሩ ድረስ ተከትለውኝ፣ «ለኛ መናገሩ ቀላል ነው፤ አላውቃቸውም ያልከው በሰው ፊት ነው፣ በሰው ፊት ተናገር» አሉኝ።

ትናንት ክርስትናው ነበር። በሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ አንድ ወንበር ባዶ ተዉልህ፣ የእናቴን ነጠላ መደገፊያው ላይ አኖርኩት። ምሳ እንዳለቀ ያን ቀረጻ በትልቁ ስክሪን ከፈትኩት፤ ሳልቆርጥ፣ ሙዚቃም ሳልጨምር። ሰዉ መጀመሪያ በሜሮን ፊት ተደሰተ፣ ከዚያ አንተን አየ፣ ከዚያ እኔን ሰማ። ያ ሚዜ ከፊት ነበር የተቀመጠው፤ ዞሮ አየኝና መልሶ ዓይኑን ሰበረ። እኔ ከግድግዳው አጠገብ ቆሜ ነበር፣ አልሸሸሁም። በመጨረሻ ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ «ብርሃን፦ በቀለ» ብዬ ስምህን አወጣሁ። ለሦስት ሰከንድ አይደለም አባዬ። አቆምኩት። ሰዉ አንብቦ ጨርሶ እርስ በርሱ እስኪተያይ አቆምኩት። ያሁኑ ፊልም አይቃጠልም፤ ስምህ እንዳለ ቆየ።

ከእንግዲህ ነጠላ በዘረጋሁበት ሠርግ ሁሉ ማን እንዳስተማረኝ ሳልናገር ካሜራ አላበራም፤ የምሠራውም ፊልም ሁሉ ስምህን ይዞ ይወጣል። ይህን ደብዳቤም ለማኅበራችን መጽሔት እሰጠዋለሁ፣ ትናንት ያልመጣ ሰው ያንብበው። ላስታውስህ የምችለው በዚህ ነው፤ በልቤ ብቻ ባስታውስህ ያንን ማንም አይሰማውም።

ስምህ ገና ስክሪኑ ላይ እያለ አንዲት ዘግይተው የገቡ እናት አጠገቤ ቆሙ። ወደ ባዶው ወንበር፣ ወደ ነጠላው፣ ወደ ስክሪኑ አዩና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው «የማን ወገን ናቸው?» አሉኝ።

«የኔ» አልኳቸው። «አባቴ ነው።»

ልጅህ